የሥዕልና የዜማ ትምህርት ትርፍ ነገር ነውን?

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ በየትምህርት ቤቱ ከሚሠሩት ሥራዎች አንዱ የትምህርቱን የጊዜ ሰሌዳ ማውጣት ነው። ለሒሳብ ይህን ያህል፣ ለእንግሊዝኛ ይህን ያህል፣ ለሳይንስ ይህን ያህል ክፍለ ጊዜ እየተባለ ይደለደልና የሥዕሉና የዜማው ትምህርት በተረፈው ቦታ ይገባል። ዓመቱ እየገፋ ሲሄድም አንዱ ትምህርት ምዕራፉ ያላለቀ እንደ ሆነ፣ ወይም ድንገት ስብሰባ የተጠራ እንደ ሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ይኸው በተረፈው ቦታ የገባው ትምህርት ነው። ይህን የሚያደርጉት የትምህርት ቤት ኃላፊዎች ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሰው ሁሉ የሚጠየቅበትን ነገር ያስቀድማል፤ ስለ ሥዕልና ስለ ዜማ ደግሞ የሚጠይቃቸው የለም።

በዛሬው ጽሑፋችን ልንመረምረው ያሰብነው ጉዳይ ይህ ነው። ለመሆኑ የጥበብ ትምህርት አገር ሲደላው የሚጨምረው ጌጥ ነውን? ወይስ እሱ ሲጎድል ሌላውም ትምህርት አብሮ የሚጎድልበት መሠረት ነው?

ነገሩን በጠቅላላው ከመናገር በአንድ ስፍራ ላይ ቆሞ መመልከት ይሻላል ብለን፣ መካነ ሰላምንና የደቡብ ወሎን ምዕራባዊ ደጋ መርጠናል። ከደሴ ተነሥቶ የጉጉፍቱን ብርዳም ሜዳ አልፎ በአቀስታ በኩል የሚጓዝ መንገደኛ የሚደርስበት ይህ አገር፣ በምዕራብ ዓባይ፣ በሰሜን በሽሎ የሚያዋስኑት ነው። ቦረና፣ ወግዲ፣ ከለላ፣ ለጋምቦ፣ ሳይንትና መቅደላ የሚባሉት ወረዳዎች በዚሁ ይገኛሉ። አብዛኛው ሰው ይህን አገር የሚያውቀው በገብሱና በበጉ፣ በክፉ ዘመን ደግሞ በድርቁ ነው። በትምህርት ረገድ ግን የሚያስተምረን ብዙ ነገር አለው።

ተቃውሞውን ከነክብደቱ እንስማው

የጥበብን ትምህርት ወደ ጎን የሚያደርጉ ሰዎች ባዶ እጃቸውን አይከራከሩም። የመጀመሪያው ማስረጃቸው ፈተናው ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በጥብቅ ቁጥጥር በየዩኒቨርሲቲዎቹ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ፣ ግማሹንና ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት ተፈታኞች በ2014 ከመቶ 3.3፣ በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 ከመቶ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ከመቶ 8.4 ብቻ ነበሩ። ልጁ ሒሳብና እንግሊዝኛ እያቃተው ሥዕል ይሥራ ማለት፣ ቤቱ እየተቃጠለ ግድግዳ እንደ መቀባት ነው ይላሉ።

ሁለተኛው ማስረጃቸው ችግሩ ነው። ወንበርና መጽሐፍ ለሌለው ክፍል ቀለምና ክራር ከየት ይመጣል?

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ጎድቶ አልፏል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በ2017 ዓ.ም. በክልሉ ከትምህርት ገበታ ውጭ የነበሩት ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ እንደ ሆኑ ተነግሯል። ልጁ ትምህርት ቤት መድረስ ባልቻለበት ጊዜ ስለ ዜማ ማውራት ቅንጦት ነው ቢሉ የሚያስገርም አይደለም።

እኛ እነዚህን ሦስት ነገሮች አናቃልልም። ይሁን እንጂ ፈተናውን በሚመለከት አንድ ነገር ልብ ይሏል። የጥበቡ ክፍለ ጊዜ ለሌላው ትምህርት ሲሰጥ የኖረው ዛሬ አይደለም፤ ዘመናት ሆኖታል። ሆኖም የተነጠቀው ሰዓት የፈተናውን ውጤት አላዳነውም። ስለዚህ በሽታው የሰዓት ማነስ ነው ብሎ ለመፍረድ አያስደፍርም። እኛ እንደሚመስለን በሽታው ያለው ተማሪው በክፍል ውስጥ በሚያደርገው ነገር ላይ ነው። ከሰሌዳ ወደ ደብተር ይገለብጣል፤ ከደብተር ወደ ቃሉ ያስገባል፤ ከቃሉ ወደ ፈተና ወረቀት ይመልሳል። ከ1ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ሲማር፣ ከራሱ አእምሮ አውጥቶ አንድ አዲስ ነገር እንዲሠራ የሚጠየቅበት ቀን ጥቂት ነው። ከዚህ ቀደም አይቶት የማያውቀው ጥያቄ የቀረበለት ዕለት ቢደናገር ምን ይደንቃል?

የቦረና ምድር ምን ይመሰክራል?

ወደ ቦረና የወሰደን ምክንያት ይህ ነው። ጋስጫ በዚሁ ምድር ይገኛል። በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ ላይ የነበረው አባ ጊዮርጊስ፣ «ዘጋስጫ» የተባለው በዚሁ ገዳም ነው። መጽሐፈ ሰዓታትን፣ አርጋኖንን፣ መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሰ ታላቅ ሊቅ ነው። ገድሉ እንደሚተርከው ግን፣ አባቱ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ በሰደደው ጊዜ ትምህርቱ ብዙ ዘመን አልገባው ብሎ፣ ባልንጀሮቹ ሲማሩ እሱ ለገዳሙ እህል ይፈጭ ነበር። ገድሉ የኋላ ዕውቀቱን የእመቤታችን ስጦታ አድርጎ ይናገራል። እኛ ደግሞ አንድ ነገር እንጨምራለን። ያ ተማሪ የትምህርቱ ልክ የሚለካው በመድገም ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ከወፍጮው በላይ የሚታወቅበት ነገር ባልኖረ ነበር። ስሙ እስከ ዛሬ የኖረው በደገመው ሳይሆን በደረሰው ነው።

የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት ያሳልፋል። በንባብና በዜማ ቤት ተማሪው የቀደሙት የሠሩትን በቃሉ ያጠናል። የቅዱስ ያሬድን ሦስቱን ዜማዎች፣ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን፣ ከነምልክታቸው ይይዛል። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ሕጉ ይለወጣል። እዚያ የሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ ለምኖ የሚያድር ተማሪ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፤ ለአስነጋሪው ወይም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም በሰዋስው የተሳተውን፣ በዜማ ልክ የጎደለውን፣ ሰምና ወርቁ ያልተገናኘውን ያርማል። በሁለት ቤት ከሚያልቀው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሥላሴ፣ ወደ መወድስ እያለ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። የዛሬው ቅኔ ለነገ አይሠራም፤ ነገ ሌላ ይፈለጋል። ከሦስቱ የታወቁ የቅኔ ቤቶች ማለትም ከጎንጅ፣ ከዋሸራና ከዋድላ፣ ዋድላ የወሎ መሆኑንም ማስታወስ ይገባል።

ይህ ሥርዓት የጥበብ ትምህርት ነው ወይስ የአእምሮ ትምህርት? መለየት አይቻልም። የግዕዙ ሰዋስው፣ ታሪኩ፣ መጽሐፉ፣ ሁሉም የሚፈተነው በአንድ ነገር ነው፤ ተማሪው በዚያ ሁሉ ዕውቀት ምን አዲስ ነገር ሠራበት? በዚህ ላይ ቀለምም፣ ወረቀትም፣ ወንበርም የለም። ችግርን ምክንያት ለሚያደርጉ ሰዎች ከዚህ የተሻለ መልስ አናገኝም።

በዚሁ ደጋ ላይ የመስጊዱም ትምህርት የራሱ ጥበብ አለው። የወሎ ደረሳ ቁርአኑንና ኪታቡን ከመማሩ ጋራ መንዙማውን ይሰማል፤ ይቀበላል፤ ጎበዝ የሆነውም ይደርሳል። አንዱ ያወጣል፣ ጉባኤው ይቀበላል፣ ድቤው ልክ ይሰጣል። አማርኛው ከዐረብኛው ጋራ ተሰናስሎ ይሄዳል። የወሎ ሼሆች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ የደረሱት ግጥም «አጀም» ይባላል፤ ከደራሲዎቹም መካከል ሼህ ጦልሐ ጃዕፈር በጣም የታወቁ ናቸው። እንግዲህ የአንዱ አገር ልጅ በቤተ ክርስቲያኑ ከበሮና ጸናጽል፣ ጎረቤቱ በድቤና በመንዙማ አድጎ፣ ሁለቱ በአንድ ክፍል ሲገናኙ ዜማ የሚባል ነገር እንዳልሰሙ ይቆጠራሉ።

ሦስተኛው ትምህርት ቤት እናቶች ናቸው። አክርማና ሰንደዶ ነቅላ፣ ቀለም ነክራ፣ በወስፌ የምትሰፋውን ሴት ሥራ ተመልከቱ። ስፌቱ ከመካከል ተነሥቶ እየዞረ ይሰፋል። ዙሩ በሰፋ ቁጥር ጌጡም በልኩ መስፋት አለበት። በመጨረሻው ዙር ላይ ጌጡ ሳይገናኝ ቢቀር ሥራው ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ ክቡን ስንት ቦታ እንደምትከፍለው፣ በያንዳንዱ ዙር ስንት እንደምትጨምር አስቀድማ በልቧ ታሰላለች። ልጅዋ በትምህርት ቤት ስለ ክብና ስለ ክፍልፋይ ሲማር የሚያቅተው፣ በቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስፌት ያው ነገር መሆኑን የነገረው ስለሌለ ሊሆን ይችላል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ቋንቋችን ራሱ ይህን ያውቃል። ሸማኔው በኩታ ወይም በቀሚስ ጠርዝ ላይ በቀለም ድርና ማግ የሚሠራውን ጌጥ «ጥበብ» እንለዋለን። የሰሎሞንን ዕውቀትም «ጥበብ» እንለዋለን። አባቶቻችን እጅ የሚሠራውንና አእምሮ የሚያስበውን በአንድ ቃል የጠሩት ቃል አጥሯቸው አይደለም።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከዚህ ምን ወረሰ?

ዘመናዊው ትምህርት በአገራችን ሲጀመር ከጥበብ ጋራ እንዲህ የተራራቀ አልነበረም። ከ1928ቱ ወረራ በፊት በአዲስ አበባ የነበሩት ትምህርት ቤቶች የቲያትርም ቤቶች ነበሩ። ከጎጃም ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ትምህርት የመጣው ዮፍታሔ ንጉሤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሲያስተምር ለተማሪዎቹ መዝሙርና ተውኔት ይደርስ ነበር። የዚያን ጊዜውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የጻፈው እሱ ነው። ከነጻነት በኋላም ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአምቦ ገና ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዳዮኒሰስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች የሚናገር ተውኔት ጽፎ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ታይቶለታል። በአንድ የክፍለ ሀገር ትምህርት ቤት መድረክ ባይኖር ኖሮ፣ ያ ልጅ የጻፈውን የት ያሳይ ነበር?

ከዚያ ወዲህ ታላላቅ ተቋሞች ተመሠረቱ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አቋቋሙ፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያንም አስተማሩበት። የያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተከተለ፤ ዛሬ ሁለቱም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ናቸው። እነዚህ ተቋሞች ያፈሩት ፍሬ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ሁሉም በዋና ከተማ ተሰበሰቡ። ከዛፉ ጫፍ ላይ ፍሬ ስንጠብቅ ሥሩን በየወረዳው ያጠጣው አልነበረም። የወሎ ልጅ ሙዚቀኛ ሊሆን ቢፈልግ፣ በአምባሰልና በባቲ ስም የሚጠሩት ቅኝቶች ከራሱ አገር ወጥተው ሳለ፣ ትምህርታቸውን ፍለጋ አዲስ አበባ መውረድ ነበረበት።

በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ቡድን ተቋቁሞ ነበር። ብዙ ወጣቶች መሣሪያ መምታትና መድረክ ላይ መቆም የተማሩት በዚያ ጊዜ ነው፤ ወሎ ላሊበላ የተባለው ቡድንም ዝናው አገር ያዳረሰ ነበር። ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም ድምፁ የልጁ ሲሆን ቃሉ ብዙውን ጊዜ ከላይ የተጻፈለት ነበር። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ልጅን ለበዓል ቀን ሰልፍ አሰልፎ ሌላ ሰው የጻፈለትን ማዘመር፣ ደስ ቢልም፣ የጥበብ ትምህርት አይባልም። ይህም ያው ከሰሌዳ መገልበጥ ነው፤ ልዩነቱ በዜማ መሆኑ ብቻ ነው።

ዛሬ በሕጉና በመርሐ ትምህርቱ በኩል የጎደለ ነገር ያለ አይመስልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 ላይ መንግሥት ቅርስን የመንከባከብ፣ ለሥነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋትም አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም የክወናና የዕይታ ጥበባት ትምህርት በአንደኛና በመካከለኛ ደረጃ ራሱን ችሎ ተቀምጧል። ነገር ግን መጽሐፍ መታተምና ትምህርት መሰጠት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሙያው የሠለጠነ መምህር የሌለበት ትምህርት ቤት ክፍለ ጊዜውን የማስተማሪያ ሰዓቱ ለጎደለው ለማንኛውም መምህር ይሰጠዋል። እሱም በሰሌዳው ላይ አንድ ማሰሮ ይሥላል፣ ተማሪውም ይገለብጣል። ወይም የሥዕል ትርጉም ምንድን ነው ብሎ ማስታወሻ ያስጽፋል። ውጤት በጅምላ ይሞላል። በዚህ ዓይነት ትምህርቱ አለ ተብሎ ይመዘገባል እንጂ አልተሰጠም።

ሌሎች ድሆች ምን አደረጉ?

ይህ ዓይነቱ ችግር በኛ አልተጀመረም። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሲጻፍ አባቶቻችን እንደ ምሳሌ የተመለከቷት ጃፓን፣ እ.ኤ.አ. በ1872 ባወጣችው የትምህርት ሕግ ላይ ዝማሬን ከትምህርቶቹ መካከል ቆጥራ፣ ከጎኑ ግን «ለጊዜው ይቅር» የሚል ቃል ጨምራበት ነበር፤ የሚያስተምር ሰው አልነበራትምና። ይህን ቃል በወረቀት ላይ አንጋፋ ሆኖ እንዲኖር ግን አልተወችውም። እ.ኤ.አ. በ1879 ኢሳዋ ሹጂ የሚባል፣ በአሜሪካ የተማረ የትምህርት ሰው የሚመራው አንድ የሙዚቃ ጥናት ክፍል አቋቋመች። ክፍሉም መምህራን አሠለጠነ፤ ከውጭ የመጣውን ከአገሩ ዜማ ጋራ አስማምቶ ለሕፃናት የሚሆን የመዝሙር መጽሐፍ አዘጋጀ። ዝማሬው ወደ ትምህርት ቤቶቹ በእውነት የገባው ከዚህ በኋላ ነው።

ፊንላንድ ደግሞ ለወሎ የምትቀርብ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ1866 በወጣው የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ደንብ፣ በኡኖ ሲግኔውስ ሐሳብ አመንጪነት፣ የእጅ ሥራ ትምህርት በሕግ እንዲሰጥ ታዘዘ። ያን ጊዜ ፊንላንድ ባለጸጋ አልነበረችም፤ ከ1866 እስከ 1868 በወረደባት ረሃብ እጅግ ብዙ ሕዝብ አልቆባታል። በረሃብ ዋዜማ ላይ የቆመች አገር ልጆቿ በእንጨትና በክር እንዲሠሩ ያዘዘችው ለጌጥ ብላ አይደለም። የሚያስብ እጅ ያለው ሕዝብ ከችግር ይወጣል ብላ ስላመነች ነው። ይኸው ትምህርት እስከ ዛሬ ለወንዱም ለሴቱም ይሰጣል።

ጥበብ ምን ይሰጣል፤ ምንስ አይሰጥም?

የጥበብ ወዳጆች አንዳንድ ጊዜ ጉዳያቸውን ራሳቸው ያበላሹታል። ሥዕል የተማረ ልጅ ሒሳብ ይጎብዛል፣ ክራር የመታ ልጅ ፈተና ያልፋል እያሉ ይሰብካሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤለን ዊነርና ሎይስ ሔትላንድ በጉዳዩ ላይ የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ይህን የመሰለው ተስፋ በአብዛኛው በቂ ማስረጃ እንደሌለው አገኙ። ጠንካራ ማስረጃ ካገኙባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ፣ በክፍል ውስጥ ታሪክን በተውኔት መልክ መሥራት የልጆችን የቋንቋ ችሎታ የሚያዳብር መሆኑ ነው። ይህ ለኛ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የብዙው ተማሪያችን እንቅፋት ያነበበውን አለመረዳቱና የተረዳውን መናገር አለመቻሉ ነውና። ሆኖም የጥበብን ትምህርት የሒሳብ መድኃኒት ነው ብሎ መሸጥ አያስፈልግም። ሒሳብን የሥዕል መድኃኒት ነው ብለን አናስተምረውም፤ በራሱ ስለሚያስፈልግ ነው።

ጥበብ በራሱ የሚሰጠው ምንድን ነው? በመጀመሪያ ደረጃ ማየትን ይሰጣል። አንድ ልጅ የዋርካን ዛፍ እንዲሥል ሲታዘዝ፣ በየቀኑ በሥሩ ያለፈበትን ዛፍ ከዚያ በፊት አይቶት እንደማያውቅ ይገነዘባል። ከዚያም መታረምን ይሰጣል። የሒሳብ ስሕተት በቀይ ቀለም ተሰርዞ ይቀራል፤ ያልተቃና ስፌት ግን ይፈታና እንደገና ይሰፋል። የመጀመሪያው ሥራ የመጨረሻው እንዳልሆነ የተማረ ሰው፣ በኋላ መሐንዲስም ሐኪምም ቢሆን ይጠቅመዋል። ሦስተኛው፣ የራሱ ድምፅ እንዳለው ማወቅ ነው።

ማየት አለመማር የሚያስከፍለውን ዋጋ ለማወቅ ወደ መቅደላ መለስ እንበል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከያዘ በኋላ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰባሰቡት ንብረት በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭኖ ወረደ። ከተወሰዱት የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ስለ እነሱ መመለስ መናገራችን ተገቢ ነው። ግን ራሳችንን አንድ ነገር እንጠይቅ። ከአምባው ግርጌ የሚማር ልጅ የብራናው ሐረግ እንዴት እንደሚሣል፣ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከተቃጠለ እህል እንዴት እንደሚበጠበጥ የነገረው አለን? በ16ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ገላውዴዎስ የተቀበሩባት ተድባበ ማርያም በሳይንት ቆማለች፤ ሌሎችም ጥንታውያን አድባራት በዙሪያዋ አሉ። የሚያየውን ነገር ዋጋ ያላስተማሩት ወጣት፣ የቀረውን ቅርስ ሊጠብቅ አይችልም። ሌባ ሲመጣ ያሮጌ ቆዳ ይመስለዋል።

ስለ ሰላም አንድ ቃል

መካነ ሰላም ስሟ የሰላም ስፍራ ማለት ነው። በዚህ ዘመን ይህን ስም መጥራት የሚያሳዝን ሆኗል። ከተዘጋ ትምህርት ቤት ወደ ተከፈተ ትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ፣ ያየውንና የሰማውን ነገር ይዞ ይመለሳል። እኛ ጥበብ ጦርነት ያስቀራል አንልም። ነገር ግን ያ ልጅ የመጀመሪያውን ሳምንት ያመለጠውን ምዕራፍ በመገልበጥ ብቻ ቢያሳልፈው፣ የያዘው ነገር ሳይወጣ ይኖራል። መናገር የማይሆንለትን በሥዕል ሊያወጣው፣ በተረት ሊለውጠው፣ ከጎረቤቱ ልጅ ጋራ በአንድ ዜማ ሊቀባበለው ይችላል። የተዘጋ ትምህርት ቤት ሲከፈት አስቀድሞ የሚቀረውን ሳይሆን አስቀድሞ የሚጀመረውን ትምህርት ብናደርገው ይሻላል የምንለው ስለዚህ ነው። ሕዝበ ክርስቲያኑና ሕዝበ ሙስሊሙ አብረው በኖሩበት በወሎ ምድር፣ የሃይማኖቱን ይዘት ለየቤቱ ትቶ፣ የዜማውንና የግጥሙን ሙያ በክፍል ውስጥ አንዱ ከሌላው ቢማማሩ ከሕግም ከልማድም የሚጋጭ ነገር የለውም።

ምን ይደረግ?

አንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ተማሪዎችና በሥራ ላይ የተሰማሩ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ስለሆኑ፣ ነገሩን በምኞት ብቻ ልንተወው አንፈልግም። አዲስ በጀት ሳይጠበቅ ሊሠሩ የሚችሉ አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ባልደረባ ትምህርት ቤት ሊጎበኝ ሲሄድ፣ ከማርክ መዝገቡ ጋራ በዚያ መንፈቅ በተማሪዎች እጅ የተሠራውን ሥራ አሳዩኝ ይበል። የሚጠየቁበት ነገር ሲሆን ክፍለ ጊዜው አይነጠቅም።

ሁለተኛ፣ የቅኔ ቤቱ ሕግ ለዘመናዊው ክፍልም ይሁን። እያንዳንዱ ተማሪ በየመንፈቁ ከሰው ያልገለበጠውን አንድ ሥራ፣ ግጥም ቢሆን፣ ሥዕል ቢሆን፣ ስፌት ወይም የሸክላ ዕቃ ቢሆን፣ አጭር ተውኔት ቢሆን፣ ሠርቶ ያቅርብ፤ ይታረም፤ አሻሽሎም ይመልሰው። ማርኩም በዚሁ ላይ ይሰጥ።

ሦስተኛ፣ ሠልጣኝ መምህር እስኪገኝ ድረስ ባለሙያው በአካባቢው አለ። ሸማኔው፣ ስፌት ሰፊዋ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ማሲንቆ መቺው በወር አንድ ቀን በትምህርት ቤቱ ቢጋበዙ የወላጅ መምህር ኅብረት የቀን አበላቸውን ሊችል አያቅተውም። እነዚህ ሰዎች በሙያቸው ምክንያት ሲናቁ የኖሩ ናቸው። በተማሪ ፊት «መምህር» ተብለው ሲጠሩ መስማት ለልጆቹ ሌላ ትልቅ ትምህርት ነው።

አራተኛ፣ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላምና በቱሉ አውሊያ ግቢዎች አሉት፤ በደሴም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ። በክረምት ለአንደኛ ደረጃ መምህራን አጭር የጥበብ ሥልጠና መስጠት፣ የዩኒቨርሲቲውም ተማሪዎች የአገሩን መንዙማ፣ እንጉርጉሮ፣ የሠርግና የአጨዳ ዘፈን፣ የስፌት ጌጥ ዓይነት እየመዘገቡ ለትምህርት ቤቶች የሚሆን መጽሐፍ ማዘጋጀት ይችላሉ። ኢሳዋ ሹጂ ለጃፓን የሠራው ሥራ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም።

ለተማሪዎችም አንድ ነገር እንበል። ትምህርት ቤታችሁ እስኪያስተምራችሁ አትጠብቁ። እናታችሁ ስፌት ስትሰፋ አጠገብዋ ተቀመጡና ቁጥሩን ጠይቋት። የሠፈራችሁን ሽማግሌ ቃል ጻፉት። የጻፋችሁትንም ለሚያርማችሁ ሰው አሳዩት፤ መታረምን የማይፈራ ተማሪ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ለወጣት ሹማምንቶቻችን ደግሞ ይህን ነው የምንለው። የአንድ አገር ትምህርት ልኩ የሚታወቀው ተማሪዎቹ ምን ያህል እንደያዙ ብቻ አይደለም፤ በያዙት ነገር ምን እንደ ሠሩበት ጭምር ነው። ይህን ልኬት ከውጭ አገር መዋስ አያስፈልገንም፤ ከጋስጫ እስከ ዋድላ ባሉት አድባራት፣ በወሎ ደረሶች ጉባኤና በየእናቱ ጓዳ ሲሠራበት የኖረ ነው። ያንን ልኬት ወደ ዘመናዊው ክፍል ማስገባት ለማንም ብርቱ ወጪ አይሆንም። የሚጠይቀው ፊርማ የያዘ ሰው ጉዳዩን ትርፍ ነገር አድርጎ ማየቱን እንዲተው ብቻ ነው።